ለጋሼ ተፈራ ጂፕ የመረጥኩት ዘይት

ጡረታ የወጣሁት በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና መሥሪያ ቤታችን በገባ በሳምንቱ ነው። ነጭ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። ሮቤ ከሚገኘው ጋራዣችን በር ላይ ቆሜ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት፤ ግን አልሰማሁትም። አጠገቤ ደርሶ ቆመ። ኮፈኑን ከፍቼ በልማድ እጄን ወደ ዘይት መለኪያው ሰደድኩ፤ የለም። ሾፌሩ ሳቀና «ጋሽ ደረጀ፣ ይኼ እኮ የሞተር ዘይት አይጠጣም» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። መኪና በቦታው እያለ ድምፁ ከሌለ፣ ወይም ድምፁ እያለ መኪናው ከሌለ፣ ዛሬም ማጅራቴን ይበርደኛል። ምክንያቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ አርፈዋል።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቤቴ ድረስ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። ለዓመታት ግቢ ውስጥ ቆሞ የነበረ አሮጌ መኪና ገዝቷል። ስልኩን አውጥቶ የዘይት ዓይነቶች ዝርዝር አሳየኝና «ጋሼ፣ ከእነዚህ ምርጡ የትኛው ነው?» አለኝ።

«መኪናው የት ነው የሚያድረው?» አልኩት።

ሳቀ። «ግቢ ውስጥ ነዋ!»

«እስከ ዛሬስ ምን ዓይነት ዘይት ሲጠጣ ኖሯል?»

አላወቀም። ደግሞ ማወቅ ለምን እንዳስፈለገም አልገባውም። «እንግዲያው እኔ ሳላየው አንዲት ጠብታ እንዳትጨምርበት!» አልኩት። ሳላስበው ጮኼ ኖሮ ልጁ ደነገጠ። ሲሄድ በጣም አዘንኩ፤ የጮኸብኝ ያለ ምክንያት ነው ብሎ እንዳያስብ ይህን ልጽፍ ተነሣሁ።

ጥያቄዎቹ የእኔ አይደሉም። የኦቦ ቃሲም ናቸው። ኦቦ ቃሲም ጎባ ውስጥ ከገበያው በላይ ትንሽ ጋራዥ የነበራቸው ሰው ናቸው። ትምህርቴን አቋርጬ በሃያ ሁለት ዓመቴ እሳቸው ዘንድ ስገባ የሞተር ዘይት ሁሉ ጥቁርና አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ለመኪና ዘይት ከመምረጣቸው በፊት ባለቤቱን ሦስት ነገር ይጠይቁታል፤ የት ያድራል፣ ወዴት ይሄዳል፣ ከዚህ በፊት ምን ጠጥቷል። ከዚያ መለኪያውን መዝዘው አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥባሉ። ቁጭ ብለው ጠብታው ሲሰፋ ያያሉ። መሐሉ ላይ የጠቆረ ክምር ከቀረ ዘይቱ ቆሻሻ መሸከም አቅቶታል። ዳር ዳሩ እየሳሳ በእኩል ከተሠራጨ ገና ይሠራል። ቀጥለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል፤ ያሸቱታል። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥተው የአንድ ደረቅ ወይራ እንጨት ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፉና ሌላውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ጆሮ ይዋሻል፣ አጥንት አይዋሽም» ይሉ ነበር። ከሃያ እርምጃ ርቀው የማን መኪና እንደመጣ ይለያሉ። በጎባ ከተማ የእሳቸውን ያህል ሞተር የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዙልኝ።

ስለ ዘይት ያስተማሩኝ ባጭሩ ይኼ ነው። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር የውፍረቱ ነው። ሁለት ቁጥር ካለው የፊተኛው ብርድ ላይ፣ የኋለኛው ሙቀት ላይ ያለውን ይናገራል። ጎባ ላይ ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ እንደ ማር ከረጋ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል። ያው መኪና ደሎ መና ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ ዘይቱን እንደ ውኃ ያቀጥነዋል። በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሐሩር ለሚወርድ መኪና ዘይት መምረጥ ለሁለት አገር አንድ ልብስ እንደ መቁረጥ ነው። በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ደሎ መና ሁለት ዓመት ስሠራ ይህን ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ። እዚያ የነበረ አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሁሉም መኪና አንድ በርሜል ዘይት አስመጥቶ «ቅዳ» የሚል ሰው ነበር፤ ደመወዜን ላለማጣት ስቀዳ፣ ላለመቅዳት ስከራከር ነው ሁለቱን ዓመት የጨረስኩት።

አሁን ወደ ጋሼ ተፈራ ልምጣ።

ጋሼ ተፈራ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ነበሩ። ባሌ ውስጥ ክትባት ይዘው ያልገቡበት ቀበሌ የለም፤ ከሃረና እስከ ሼክ ሁሴን ድረስ ሰው ያውቃቸዋል። በንጉሡ ጊዜ የተሠራች አረንጓዴ ጂፕ ነበረቻቸው። ሠላሳ ዓመት ነድተዋታል። ሞተሯ እየሠራ ስትቆም ድምፅዋ ልዩ ነው፤ ሦስቴ መትታ አራተኛው ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትንሽ ታርፍና እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቫልቭ ተበልቶ ነው። ላስተካክለው ስል ጋሼ ተፈራ «ተወው፣ በእሱ ነው የማውቃት» ብለው ከልክለውኛል።

ለዚያች ጂፕ ኦቦ ቃሲም የሚቀዱላት አንድ ዘይት ብቻ ነው፤ ወፍራም፣ ርካሽ፣ ምንም ማጽጃ ያልተቀላቀለበት የድሮ ዓይነት። ማጽጃ ስለሌለው የዓመታት ቆሻሻ በሞተሩ ሆድ ተጋግሮ እንደ ጭቃ ተቀምጧል። ኦቦ ቃሲም ይህን ያውቃሉ። «የተኛ ነገር ነው። ካልቀሰቀስከው አይነካህም» ብለውኛል።

ጋራዡ በገባሁ በሰባተኛው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ የሦስት ወር ሥልጠና ወሰድኩ። እዚያ ስለ አዳዲስ ዘይቶች ተማርን፤ ቀጭን፣ ሞተሩን እያጠበ የሚሄድ፣ ብርድ የማያረጋው። ስመለስ አንድ የሚያብረቀርቅ ጣሳ በሻንጣዬ ይዤ ነው። ልክ ያን ሰሞን ኦቦ ቃሲም ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ይሄዱ ነበር። ጋራዡን አስረክበውኝ በር ላይ ደርሰው ተመለሱ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የተፈራ መኪና ከመጣች ያንኑ የለመደችውን ሙላላት። ሌላ ምንም አትንካ።»

«እሺ ኦቦ ቃሲም፣ በሰላም ይመለሱ» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ጋሼ ተፈራ መጡ። የክርስትና ልጃቸው ደሎ መና ልታገባ ስለሆነ ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጠው ሊወርዱ ነው። «ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ታስቸግረኛለች፤ ዘይቱን እይልኝ» አሉ። ጣሳው መደርደሪያው ላይ ያበራል። እምቢ የሚል ነገር በውስጤ አልነበረም አልልም፤ ነበር። ግን የተማርኩትን ማሳየት አማረኝ። የድሮውን አፈሰስኩ፣ አዲሱን ቀዳሁ። ሞተሩ ወዲያው ቀለለ። ጋሼ ተፈራ ደስ ብሏቸው «አንተ ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ቀነስክላት!» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ በከተማ ሲነዷት ምንም አልሆነችም። እኔም ኦቦ ቃሲም ሲመለሱ ምን እንደምላቸው አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

ኦቦ ቃሲም ዐርብ ገቡ፤ ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ ተፈራና እትዬ አልማዝ ወደ ሠርጉ ተነሡ። ረፋዱ ላይ ለኦቦ ቃሲም ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ከደሎ መና የመጣ አውቶቡስ በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ «የዶክተር ተፈራ መኪና ሳነቴ ላይ ቆማለች» አለ። አገሬው ዶክተር ነው የሚላቸው። «ሴትዮዋ ብቻቸውን ውስጥ ተቀምጠዋል። ኑ ብንላቸው እምቢ አሉ። እሳቸው የሉም። ጉም ነው፣ ምንም አይታይም።»

ኦቦ ቃሲም ወደ እኔ ዞሩ። የሆነ ነገር ፊቴ ላይ አይተው ይሆናል። ረጅም መጎተቻ ገመድና ብርድ ልብስ ጭነን በእሳቸው ፒክአፕ ወጣን።

ሳነቴን የሚያውቅ ያውቃል። ከጎባ ሲወጡ መጀመሪያ ጥድና አስታ አለ፤ ከዚያ ዛፉ ያልቅና ሜዳው ይገጥማል። ያን ቀን ሜዳው አልነበረም። ከመኪናው አፍንጫ በፊት አንድ ሦስት ክንድ መንገድ ይታያል፣ ከዚያ ነጭ። አልፎ አልፎ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ከጉሙ ውስጥ ሰው መስሎ ይቆምና ያልፋል። እኩለ ቀን ሲሆን ጂፗን አገኘናት። እትዬ አልማዝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። መስኮቱን ስናንኳኳ አልደነገጡም።

«ደህና ነዎት እትዬ? ጋሼስ?»

«መኪና መጣ፣ ላስቁመው ብሎ ወረደ። ሦስት ሰዓት ላይ ነው።» ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «የሰማው መኪና ግን አልመጣም። እሱም አልመጣም። ይልቅ ያን ሞተር አጥፉልኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን በጠበጠው።»

«የቱን ሞተር?»

«ይሄን ነዋ!» አሉና በጣታቸው ወደ ጂፗ ኮፈን አመለከቱ።

የእኛን ፒክአፕ ሞተር አጥፍተነዋል። ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ሞተሩ ላይ አኖርኩ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ማንቬላውን አስገብቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ባዞረው አልነቃነቅ አለ። ሞተሩ ተጣብቋል። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ሁሉ አወቅሁ። ረጅሙ ዳገት ላይ ሞተሩ በደንብ ሲግል የእኔ ቀጭን ዘይት የሠላሳ ዓመቱን ጭቃ ከሆዱ ቀስቅሶታል። ጭቃው የዘይቱን መምጠጫ ወንፊት ደፍኖታል። ጋሼ ተፈራ ዓይናቸው ጉሙ ላይ ስለነበር የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ መውደቁን አላዩም።

ይህን እያሰብኩ ቀና ስል እኔም ሰማሁት።

ከመንገዱ በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሞተር ቆሞ ይሠራል። አይመጣም፣ አይሄድም። ዝግ ብሎ ይመታል።

«ኦቦ ቃሲም፣ ይሰማዎታል?»

ራሳቸውን አዘንብለው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ያ አጥንታቸው እንኳ የማይዋሽ ሰውዬ። «ምንም አልሰማም» አሉ። «ነፋስም የለም። ምንድን ነው የምትሰማው?»

«ሞተር ነው። የእሷ የጂፗ ይመስለኛል።»

«አዑዙ ቢላህ» አሉ ቀስ ብለው። ወደ እትዬ አልማዝ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «እሷም ትሰማለች፣ አንተም ትሰማለህ። እሱም የሄደው ሰምቶ ነው። እንግዲያው የሚሰማ ይሂድ። ና፣ ገመዱን ያዝ።»

የመጎተቻውን ገመድ አንዱን ጫፍ ፒክአፑ ላይ፣ ሌላውን ወገቤ ላይ አሠሩ። «ስትሄድ እኔ ክላክስ እመታለሁ። ያንን ብቻ ነው አምነህ የምትመለሰው። ኦብሲ፣ አትሩጥ፣ ቀስ በል።»

ገባሁ። ከእግሬ ሥር እርጥብ ሣርና የፍልፈል ጉድጓድ ብቻ ነበር። ከኋላዬ ክላክሱ ይጮሃል፣ ከፊቴ ሞተሩ ይመታል። እየቀረብኩት ነው እንዳልል ድምፁ አይጨምርም። እየራቅሁት ነው እንዳልል አይቀንስም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ አልኩ፤ ሞተሩ አያርፍም። አራተኛው ላይ አይቆርጥም። ጉሙ ነው ድምፁን ያለሰለሰው አልኩ ለራሴ። ገመዱ አለቀና ወገቤን ያዘኝ። «ጋሼ ተፈራ!» ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ብቻ ይመታል።

ልመለስ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እግሬ ዞሯል። ግን የዘጋሁት ወንፊት ታየኝ። ገመዱን ፈታሁና መሬት ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ወደፊት ሄድኩ።

ምን ያህል እንደሄድኩ አላውቅም። ጫማዬ ውኃ ነካ። ጉሙ ከሸፈናት ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ደርሻለሁ። ጋሼ ተፈራ ከአንድ ጅብራ ሥር ተቀምጠዋል፤ እስከ ጉልበታቸው ረጥበዋል፣ አንዱ ጫማቸው የለም፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸው ውኃው ላይ ነበር።

«ጋሼ!»

«ቀስ በል» አሉኝ ሳያዩኝ። «ሊሻገር ነው።»

ድምፁ ከውኃው ወዲያ ማዶ ነበር፤ ወይም ከውኃው መሐል። ያን ማየት አልፈለግሁም። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሣኋቸውና ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጠሁ። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ጠፋ። እየራቀ አይደለም የጠፋው፤ ሰው ቁልፍ ሲያዞር እንደሚጠፋው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ከድምፁ ይብስ ነበር። ከብዙ ርቀት የኦቦ ቃሲም ክላክስ መጣልኝ። እሱን ይዤ፣ ጋሼን ተሸክሜ ወጣሁ። ገመዱን ድንጋይ የጫንኩበትን ቦታ ግን የትም አላገኘሁትም።

ጋሼ ተፈራ ጎባ ሆስፒታል ሳምባቸውን ታመው ሦስት ሳምንት ተኙ። በሁለተኛው ቀን ኦቦ ቃሲምና እኔ ጂፗን ጎትተን አምጥተን የሞተሩን ሆድ ከፈትን። ወንፊቱ በጥቁር ጭቃ ግጥም ብሎ ተደፍኗል፤ ዋናው ዘንግ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ቀልጠው ተጣብቀዋል። ኦቦ ቃሲም ጭቃውን በጣታቸው ወሰዱ፣ አሹት፣ አሸተቱት። ጣሳውንም ከመደርደሪያው ሥር አገኙት። አልጮኹም። እጃቸውን ለመታጠብ ሄዱና ቆይተው ተመለሱ።

«ለተፈራ አንተ ነህ የምትነግረው። እኔ አልነግርልህም» አሉ።

ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጣሳውን፣ ኩራቴን፣ የተሰጠኝን ትእዛዝ። ጋሼ ተፈራ እየሳሉ ሰሙኝ። እትዬ አልማዝ ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ ጋሼ «እኔም ብሆን ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። መርፌ ይዤ ነው የተሳሳትኩት። ማን እንደሞተብኝ አንተ አታውቅም» አሉኝ። «መኪናዋን አድናት። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ብሮንዚኖቹ ከአዲስ አበባ መጡ። ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሽቦና በነጭ ጋዝ ጠረግሁ። ቫልቩን አልነካሁም። የሞተሩ ሆድ ንጹሕ ስለሆነ አሁን ማጽጃ ያለው ዘይት ቢገባም አይጎዳም ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ልመርጥላት አልደፈርኩም። ኦቦ ቃሲም ለሁለቱም አገር የሚሆን ሃያ-ሃምሳ መረጡ፤ በፀሐይ አሙቀው «ቢስሚላህ» ብለው ራሳቸው ቀዱት።

ጂፗን ግቢያቸው ድረስ ነዳኋት። ጋሼ ተፈራ በከዘራ ተደግፈው ወጡና በረንዳው ላይ ካለ ወንበር ተቀመጡ። ሞተሩን አላጠፋሁትም። ሦስቴ መታ፣ አራተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረው፣ ቀጠለ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ዕንባቸው መጣ።

«ይቺ ናት መኪናዬ» አሉ። ጠጋ እንድል ምልክት ሰጡኝ። «እዚያ የነበረው ግን እሷ አይደለም። እዚያ የነበረው አያርፍም። ገና ከመንገዱ ስወጣ አውቄዋለሁ።»

«ካወቁት ለምን ተከተሉት፣ ጋሼ?»

«ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረማ» አሉ።

ለሰው ሁሉ የነገርኩት ጋሼ ሲጣሩ ሰምቼ እንዳገኘኋቸው ነው። እሳቸው አልተጣሩም። ይህንንም እኔና እሳቸው እናውቃለን። ትክ ብለው አዩኝ። ወደ ጂፗ ተመለስኩና ሞተሩን ለማጥፋት እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ።

እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሆስፒታል ጥፋቴን ከተናገርኩበት ቀን ጀምሮ ቃል አውጥተው አናግረውኝ አያውቁም።

«አታጥፋው፣ ልጄ» አሉ። «እባክህ፣ ትንሽ ይሥራ። ይኼ ሲሠራ ያኛው አይሰማኝም።»

ያን ቀን ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ አላጠፋሁትም።